ስልክሽ ይገምታል እንጂ አያውቅም

ውድ እህቶቼ፣   

ባለፈው ስንሰባሰብ አንዲት እህታችን «ይሄ ስልክ ውስጥ ሆኖ የሚያስተረጉምልን ሰው ነው ወይስ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅን። ግን ከሳቁ በኋላ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። እኔም ያን ቀን አፍሬ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ ጥቂት ጥቂት እያነበብኩ የገባኝን ያህል ጻፍኩላችሁ። እኔ ከ12ኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ስለዚህ እንደ ሊቅ ሳይሆን እንደ እህት አንብቡልኝ። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ማንበብ የማትችል እህት አጠገባችሁ ካለች ደግሞ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላት።

መጀመሪያ የራሴን ስሕተት ልንገራችሁ

እዚህ ሥራ በያዝኩ በሦስተኛው ወር ነው። የማዳም እናት፣ ማማ ከቢራ የምንላት፣ ከሆስፒታል አዲስ የታይሮይድ ኪኒን ይዛ መጣች። ማዳም ደግሞ ለሠርግ ወደ አብሃ ልትወጣ ስለነበር ኪኒኑን ለኔ ሰጥታ፣ እየተጣደፈች የሆነ ነገር ነግራኝ ሄደች። ከተናገረችው ውስጥ የገባኝ «ኩል ዮም» የሚለው ብቻ ነው፤ በየቀኑ ማለት ነው። የቀረውን ከካርቶኑ ላይ አነባለሁ ብዬ የተለጠፈበትን ወረቀት በስልኬ አነሳሁና አስተረጎምኩ። «በቀን አንድ ፍሬ፣ በምራቅ» ብሎ አወጣልኝ።

እኔም በምራቅ ካለ ያለ ውኃ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለት ቀን ቁርሷን ከወተት ጋር ካበላኋት በኋላ ኪኒኑን ያለ ውኃ እንድትውጥ አደረግኩ። በሁለተኛው ቀን ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ትን አላት። ዓይኗ ቀልቶ፣ እጄን ጨብጣ ስትስል የኔ ነፍስ አብራ ልትወጣ ነበር። እግዜር ይስጠው ተረፈች። ማታ ብዙ ዓመት እዚህ አገር ለኖረች እህት በኢሞ ደወልኩላት። ወረቀቱን ሳሳያት ጮኸችብኝ። «ዐለ ሪቅ እኮ ነው የሚለው! በባዶ ሆድ ማለት ነው!» አለችኝ።

«ሪቅ» በዐረብኛ ምራቅ ነው፤ ስልኩ አልዋሸም። ግን «ዐለ ሪቅ» ሲባል ከምራቅ በቀር ምንም ነገር በአፍሽ ሳይገባ፣ ጠዋት ከመብላትሽ በፊት ማለት ነው። ያ ኪኒን ደግሞ በባዶ ሆድ፣ በውኃ የሚዋጥ ነው። እኔ ሁለቱንም ገልብጬ ሰጠኋት። ስልኩ ቃሉን አገኘና ፍቺውን ሳተ። ለምን እንደዚህ እንደሚሆን ከገባችሁ እንደኔ አትሳሳቱም። የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው።

1. «ጥልቅ ትምህርት» ምንድን ነው?

ስልኩ ውስጥ ሰው የለም። ያለው «ዲፕ ለርኒንግ» በሚባል ዘዴ የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ በኛ ቋንቋ «ጥልቅ ትምህርት» ይሉታል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚባለው ትልቅ ዘርፍ አንዱ ክፍል ነው።

ዱሮ ኮምፒዩተር የሚሠራው በታዘዘው ብቻ ነበር። ባለሙያው ቁጭ ብሎ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ» እያለ አንድ በአንድ ይጽፍለታል። ጥልቅ ትምህርት ግን ትእዛዝ ሳይሆን ምሳሌ ነው የሚሰጠው።

ይህን ለመረዳት እንጀራ መጋገር እንዴት እንደተማራችሁ አስታውሱ። እናቶቻችን «ይህን ያህል ግራም፣ ይህን ያህል ደቂቃ» ብለው በወረቀት አልሰጡንም። ሊጡን አየን፣ አብሲቱን አየን፣ ምጣዱ ላይ አፈሰስን፣ ተበላሸ። «ቀጥኗል» አሉን። በሚቀጥለው አወፈርነው። «አሁን ደሞ ወፈረ፣ ምጣዱም አልጋለም» አሉን። እንደዚህ ስንባል ስንባል አንድ ቀን ዓይን ያወጣ እንጀራ ወጣልን። ዛሬ አንድ ሰው «እንዴት አወቅሽ?» ቢለን በቃል አንናገረውም፤ እጃችን ግን ያውቀዋል።

ማሽኑም እንደዚያው ነው። ውስጡ በሚሊዮንና በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ምሳሌ ይሰጡታል፣ ይገምታል፣ ግምቱ ከትክክለኛው መልስ ጋር ይነጻጸራል፣ በስሕተቱ መጠን ቁጥሮቹ ትንሽ ትንሽ ይስተካከላሉ። ይህ እልፍ ጊዜ ይደጋገማል። ልዩነቱ፣ እኛ ያበላሸነውን እንጀራ ቀምሰን እናውቀዋለን፤ ማሽኑ ግን ቀምሶም በልቶም አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ነው።

«ጥልቅ» የተባለው ደግሞ ሥራው በብዙ ንብርብር ስለሚያልፍ ነው፤ ዱቄት በተደራረበ ወንፊት እንደማሳለፍ ነው። የመድኃኒት ወረቀት በካሜራ ስታነሺ የመጀመሪያው ንብርብር ጥቁርና ነጩ የሚለያይበትን ጠርዝ ብቻ ያያል። ቀጣዩ ጠርዞቹን አያይዞ መስመርና ቅስት ያደርጋል። ከዚያ ፊደል፣ ከዚያ ቃል ይሆናል። የዐረብኛው ባ፣ ታ እና ሣ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው ነጥብ ነው። ባ ከሥር አንድ፣ ታ ከላይ ሁለት፣ ሣ ከላይ ሦስት ነጥብ አላት። እጃችሁ ተንቀጥቅጦ ፎቶው ከደበዘዘ አንዷ ነጥብ ትጠፋለች፤ ቃሉም ሌላ ቃል ይሆናል። ስለዚህ ወረቀቱን ዘርግታችሁ፣ በብርሃን፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት አንሡ።

2. እንዴት እዚህ ደረሰ?

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ስሕተትን ወደ ኋላ እየመለሱ ቁጥሮቹን የማስተካከሉን ዘዴ ጄፍሪ ሂንተንና ሁለት ባልደረቦቹ በ1986 ጽፈው አሳውቀዋል። ግን ያኔ ኮምፒዩተሮቹ ደካማ፣ ምሳሌውም ጥቂት ነበር። ነገሩ የተለወጠው በ2012 ነው። ከካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጣ የሂንተን ቡድን በሥዕል መለየት ውድድር ላይ 1.2 ሚሊዮን ያህል ፎቶ ተምሮ 1000 ዓይነት ነገር የሚለይ ፕሮግራም አቀረበ። ሁለተኛ የወጣው 26 ከመቶ ሲሳሳት የነሱ የተሳሳተው 15 ከመቶ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደዚህ መንገድ ገባ። ሂንተን በ2024 ከጆን ሆፕፊልድ ጋር የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ወደኛ ጉዳይ ስንመጣ፣ ጎግል አማርኛን በማስተርጎሚያው ውስጥ ያስገባው በየካቲት 2016 ነው። በዚያው ዓመት ማስተርጎሚያውን ወደ ጥልቅ ትምህርት ማዞር ጀመረ። ትግርኛና ኦሮምኛ የገቡት በ2022 ነው። በ2017 የጎግል ሰዎች ቃላትን አንድ በአንድ ከመከተል ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ጊዜ አይቶ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚያመዛዝን አሠራር አወጡ፤ ዛሬ ጥያቄ የሚመልሱት እንደ ቻት ጂፒቲ ያሉት የተሠሩት በሱ ነው። ቻት ጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው በኅዳር 2022 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዱሮው ማስተርጎሚያ ሲሳሳት አማርኛው የተሰባበረ ስለሚሆን ስሕተቱ ራሱን ያጋልጥ ነበር። የአሁኑ ግን ሲሳሳትም አሳምሮ ነው። ከተማረው ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ «ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ይመጣል?» እያለ በጣም የሚመስለውን እየመረጠ ይደረድራል። ስለዚህ አማርኛው ማማሩ እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄ የሚመልሱትም እንደዚሁ ናቸው፤ የሌለ ነገር ፈጥረው እንደ እውነት ያወሩላችኋል።

3. አማርኛችን ላይ ለምን ይሳሳታል?

አንደኛ፣ የተማረው ምሳሌ ጥቂት ስለሆነ ነው። እንግሊዝኛ በኢንተርኔት ላይ እንደ ባሕር ነው፤ የኛ ጽሑፍ ግን ብዙው ያለው በወረቀት ነው። «ልሳን» የሚባለውን ማስተርጎሚያ የሠሩት እነ አስመላሽ ተካ ሀድጉ ይህን አይተው በወረቀት የታተመ የግእዝ ፊደል ጽሑፍን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ መሣሪያ ጭምር መሥራት ነበረባቸው። አገር ቤትም በ2020 መንግሥት ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቋም አቋቁሟል።

ሁለተኛ፣ የኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ዶሮው ይበላል» ብላችሁ ጻፉ። ዶሮው ጥሬ ይበላል ወይስ ዶሮው ራሱ ይበላል? «ሐኪሙ አለ» ስትሉስ ሐኪሙ ተናገረ ነው ወይስ ሐኪሙ እዚህ ነው? እኛ በድምፅ እንለየዋለን፤ ማሽኑ ከጽሑፉ መገመት አለበት።

ሦስተኛ፣ የዐረብኛና የአማርኛ ትርጉም ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ድልድይ ሲያልፍ ኖሯል። ዐረብኛ ለሴት «እንቲ»፣ ለወንድ «እንተ» ይላል፤ አማርኛም አንቺና አንተ አለው። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። ነገሩ እዚያ ድልድይ ላይ ሲደርስ ሴትነቱ ይወድቃል። ማዳም ለአንቺ የጻፈችው «አንተ» ሆኖ የሚደርስሽ፣ አንቺም ለማዳም የላክሽው ለወንድ የተጻፈ መስሎ የሚያስቃት ለዚህ ነው። «እርስዎ» የሚለው አክብሮታችንማ ድልድዩ ጋ ከመድረሱም አይተርፍም። ሜታ በ2022 ያወጣው 200 ቋንቋ የሚያስተረጉም ፕሮግራም አማርኛን ጨምሮ ያለ ድልድይ በቀጥታ ለመተርጎም የተሠራ ነው፤ መንገዱ እየተሻሻለ ነው ማለት ነው።

አራተኛ፣ የዚህ አገር ሰው አነጋገር ነው። ማሽኑ በብዛት የተማረው የጋዜጣና የመጽሐፍ ዐረብኛ ነው። በጂዛንና በቲሃማ ግን ሽማግሌዎቹ «አል» በሚባለው ቦታ «አም» ይላሉ። ቤቱን «አልበይት» ሳይሆን «አምበይት» ሲሉ ሰምታችኋል። ማማ ከቢራ ስልኩ ላይ ስትናገር የተዘባረቀ ነገር ቢወጣ የሷም የናንተም ጥፋት አይደለም፤ እንደሷ የሚናገር ሰው ለማሽኑ ብዙ ስላላሰሙት ነው።

4. ከትርጉም ሌላስ?

ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ሁላችንም ደረታችንን ራጅ ተነሥተናል። ያን ፎቶ አይቶ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት የሚጠቁም የዚሁ ዓይነት ፕሮግራም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ዕድሜያቸው 15ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለነቀርሳ በራጅ ሲጣሩ ፎቶውን በሰው ፋንታ ማሽን ሊያነበው ይችላል ብሏል። ሐኪም በማይገኝበት ገጠር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማሽኑ ምልክት አየሁ ካለ ግን በሌላ ምርመራ ይረጋገጣል፤ የመጨረሻው ቃል የሱ አይደለም።

ፊት መለየትም ሌላው ነው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡኦላምዊኒ በ2018 ባወጡት ጥናት፣ ፊት አይተው ሴት ወይም ወንድ የሚሉ የትልልቅ ኩባንያ ፕሮግራሞችን ፈተኑ። ነጣ ባሉ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ1 ከመቶ በታች ነበር፤ ጠቆር ባሉ ሴቶች ላይ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። ለምን? እኛን የመሰለ ሰው ፎቶ ጥቂት ስላሳዩት ነው። የማማ ከቢራ ንግግርና የኛ ፊት ችግራቸው አንድ ነው።

ክፉውንም ልንገራችሁ። ማይክሮሶፍት በጥር 2023 የአንድን ሰው የእንግሊዝኛ ድምፅ ሦስት ሰከንድ ብቻ ሰምቶ በዚያ ድምፅ ሌላ ንግግር የሚናገር ፕሮግራም መሥራቱን አሳወቀ። ሦስት ሰከንድ እኮ «ሄሎ፣ እንዴት ነሽ፣ ሰማሽኝ?» እንደማለት ነው። እኛ በቲክቶክና በዋትሳፕ ስንት ደቂቃ ድምፃችንን በትነናል? ስለዚህ የወንድምሽ ድምፅ እያለቀሰ «ተይዣለሁ፣ ገንዘብ ላኪ» ቢልሽ ድምፁን ስለሰማሽ ብቻ አትላኪ።

5. እንግዲህ እንዴት እንጠቀምበት?

አትጠቀሙበት አልልም። እኔ ዐረብኛ የለመድኩት ግማሹን በሱ ነው። ግን እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. አጭር ጻፉ። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ። ተረትና ቅኔ አታስገቡ። ማን ለማን እንደሆነ ሳትዘሉ ጻፉ።

ለ. መልሳችሁ አስተርጉሙ። የወጣውን ዐረብኛ እንደገና ወደ አማርኛ መልሱት። ሌላ ነገር ከሆነ መጀመሪያውንም ስቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ሁሉንም አይዝም፤ የኔ «በምራቅ» ቢመለስ «ሪቅ» ሆኖ ትክክል ይመስል ነበር።

ሐ. ስለዚህ በሌላ ቃል ጠይቁ። እኔ ያን ቀን ማዳም ጋ ደውዬ «ቀብል አልአክል ወላ ባዕድ አልአክል?» ብል፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ማለት ነው፣ ነገሩ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። ሁለት ምርጫ ያለው ጥያቄ ለሰውም ለማሽንም ቀላል ነው።

መ. ቁጥሩንና «ላ» የሚለውን በራሳችሁ ዓይን እዩ። በዐረብኛ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ናት፤ አምስት ደግሞ የኛን ዜሮ ይመስላል፤ ስድስት ሰባትን ይመስላል። «ላ» ማለት አይ ወይም አታድርጊ ነው፤ እሷ ከተዘለለች ክልክሉ ፈቃድ ይሆናል።

ሠ. መድኃኒት በስልክ ትርጉም ብቻ አትስጡ፣ አትዋጡም። ካርቶኑን ይዛችሁ ሰይደሊያ ጠይቁ፤ በእጅ ምልክትም ቢሆን ይግባባል። የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ነው። አምቡላንስ 997 ነው። ሁለቱን አሁኑኑ ስልካችሁ ውስጥ መዝግቡ።

ረ. የምትፈርሙበትን ወረቀት ማሽን ብቻ አንብቦላችሁ አትፈርሙ። ደመወዝ፣ ጊዜና ዕረፍት የተጻፈበትን ቦታ ዐረብኛ ማንበብ የምትችል እህት ታሳያችሁ።

ሰ. ከቤተሰብ ጋር የምሥጢር ጥያቄ ይኑራችሁ። እናንተና እናታችሁ ብቻ የምታውቁት፣ በቲክቶክ ያልወጣ ነገር ይሁን። ያቺ ዱሮ የነበረች ላማችሁ ስም ይበቃል። ገንዘብ የሚጠይቅ ድምፅ ያን ካልመለሰ ዝጉና በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ።

ሸ. የምታነሡትን ምረጡ። የመድኃኒቱን ካርቶን አንሡ እንጂ ቤቱንና ሰውን አታንሡ። በ2007 በወጣው የሳዑዲ ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን የግል ሕይወት መድፈር እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ያመጣል። ኢቃማና ፓስፖርታችሁንም ለማታውቁት ፕሮግራም አትስጡ።

ለመወያያ

በሚቀጥለው ስንገናኝ እነዚህን እያሰባችሁ ኑ።

1. ስልካችሁ አሳስቷችሁ ያውቃል? ስሕተቱ ከላይ ካየናቸው ከአራቱ የትኛው ነው?

2. ዐረብኛ የሚችሉ እህቶች፣ እንደ «ዐለ ሪቅ» ያለ፣ ቃሉ ሌላ ፍቺው ሌላ የሆነ አነጋገር ሦስት ሦስት አምጡልን። በወረቀት ጽፈን ኩሽና ውስጥ እንለጥፈዋለን።

3. «ዶሮው ይበላል» የሚለውን ማሽኑ እንዳይሳሳት አድርጋችሁ እንዴት ትጽፉታላችሁ?

እህቶቼ፣ ማማ ከቢራ አሁን ደህና ናት። ጠዋት ጠዋት ቁርሷን ሳላቀርብ ኪኒኑን በብርጭቆ ውኃ እሰጣታለሁ፤ «ዐለ ሪቅ!» እያለች ትስቅብኛለች። እሷ በመሳቋ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ባትተርፍ ኖሮ ግን ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ አልነበርኩም። ስልኩ ይርዳችሁ፣ ግን ለእናንተ አያስብላችሁ።

ይህን ቅጠል አንብባችሁ ስትጨርሱ አጥፋችሁ አታስቀምጡት፤ ለጎረቤት ቤት እህት አሳልፉት። እስክንገናኝ ደህና ሁኑልኝ።

እህታችሁ ከደርብ